አውራው አያዝም፦ ጣዝማና ዘመዶቿ ሥራ የሚከፋፈሉበት መንገድ፣ ሰዎችም የተረዱበት ታሪክ

በአማርኛ የንብ መሪ «አውራ» ይባላል። አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና፣ አውራ ዶሮ እንደሚባለው ሁሉ ቃሉ ዋናውን፣ ፊተኛውን፣ አንዳንዴም ወንዱን ያመለክታል። መሪ አጥቶ የተበተነ ሕዝብም «አውራ እንደሌለው ንብ» ይባላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት እምነቶች ተደብቀዋል። አንደኛው፣ በቀፎ ውስጥ የሚያዝ አለ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሚያዘው ከጠፋ ሥራው ይቆማል የሚል ነው።

እነዚህ እምነቶች የአማርኛ ተናጋሪ ብቻ አይደሉም። ከጥንት ግሪክ ጀምሮ ቀፎን የተመለከተ ሁሉ የራሱን ዘመን ቤተ መንግሥት አይቶበታል። እምነቶቹን ከፈተኑት ፍጥረታት መካከል ግን ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ትናንሽ ንቦች ይገኙበታል፤ ጣዝማና ዘመዶቿ።

እነዚህ ንቦች አይናደፉም። መናደፊያቸው ከአገልግሎት ውጭ እስኪሆን ድረስ አንሷል። በዓለም ሞቃታማ አገሮች፣ ከሜክሲኮ እስከ ብራዚል፣ ከአፍሪካ እስከ አውስትራሊያ፣ ከ500 በላይ ዝርያዎቻቸው ይታወቃሉ። ማራቸውን እንደ ተራው ንብ በእንጀራ ላይ አያከማቹም፤ ሰምና የዛፍ ሙጫ ቀላቅለው በሚሠሯቸው ትንንሽ እንስራ መሰል ዕቃዎች ያኖሩታል። የኢትዮጵያዋ ጣዝማ ከእነዚህ አንዷ ስትሆን ጎጆዋን የምትሠራው ከመሬት በታች ነው። በሳይንስ «ሜሊፖኑላ ቤካሪ» ትባላለች። ስሙ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1870 የዛሬዋ ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው የቦጎስ ምድር ለተዘዋወረው ጣሊያናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ለኦዶአርዶ ቤካሪ መታሰቢያ ነው።

▪️ ቀፎ ውስጥ ንጉሥ ሲፈለግ

አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ እንስሳት በጻፋቸው መጻሕፍት የቀፎውን ትልቅ ንብ «ንጉሥ» ብሎ ጠራው። አንዳንድ ሰዎች «እናት» እንደሚሏትም ያውቅ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የተከተሉት ንጉሡን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1586 ስፔናዊው ሉዊስ ሜንዴዝ ዴ ቶሬስ የቀፎው ገዥ እንቁላል የምትጥል ሴት መሆኗን ጻፈ። በ1609 ደግሞ እንግሊዛዊው ቄስ ቻርልስ በትለር ስለ ንብ ያሳተመውን መጽሐፍ «የሴቶች ንግሥና» አለው። ይህ የሆነው አገሪቱን ለአርባ አራት ዓመት የገዛችው ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በሞተች በስድስተኛው ዓመት ነበር፤ ሴት የምትገዛበት መንግሥት ለእንግሊዝ አንባቢ እንግዳ ነገር አልነበረም። በዚያው ክፍለ ዘመን ኔዘርላንዳዊው ያን ስዋመርዳም «ንጉሡን» ከፍቶ በማጉያ መነጽር ሲመረምር የእንቁላል ማፍሪያ አገኘ። ክርክሩ አበቃ። ጾታው ተስተካከለ፤ ዙፋኑ ግን በቦታው ቀረ።

በ1804 ናፖሊዮን ዘውድ ሲጭን የቀድሞዎቹን የፈረንሳይ ነገሥታት አበባ ትቶ ንብን የግዛቱ ምልክት አደረገ። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በኖረው በቀዳማዊ ኪልዴሪክ መቃብር ውስጥ የተገኙት የወርቅ ነፍሳት ንቦች ናቸው ተብሎ ስለታመነ፣ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት በእነርሱ በኩል ጥንታዊ ዘር ቆጠረ።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በገድሉ እንደሚተረከው ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ሠራዊት ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን እንዳወቁ ተናገረች፤ ስሙም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይተረጎማል። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የኢሕአዴግ የምርጫ ምልክት ንብ ነበረች። ግንባሩ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከአጋሮቹ ጋር ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ከያዘ በኋላ ደግሞ «አውራ ፓርቲ» የሚለው ቃል ከጋዜጣም ከስብሰባም አልጠፋም። ንቧና አውራው በአንድ የፖለቲካ ንግግር ውስጥ ተገናኙ።

ከንጉሡ እስከ ፓርቲው፣ ከቀፎው የተወሰደው ትምህርት ተመሳሳይ ነው፦ ሥራ ያለው አዛዥ ስላለ ነው። ነገሩ በእርግጥ እንዲህ መሆኑን ለማጣራት ግን ወደ ሌላ አህጉር መሻገር ያስፈልጋል። መናደፊያ የሌላቸውን ንቦች ከማንም በፊት ቤቱ አስገብቶ ያረባው የመካከለኛው አሜሪካ ሰው ነውና።

▪️ የማያዎች እመቤት ንብ

በሜክሲኮ የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት የማያ ሕዝብ ስፔናውያን ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ «ሹናን ካብ» የምትባል መናደፊያ የሌላት ንብ ያረባ ነበር። ትርጉሙ «እመቤት ንብ» እንደማለት ነው። ቀፎው ውስጡ የተቦረቦረ ግንድ ሲሆን ሁለቱ አፎቹ በክብ ድንጋይ ወይም እንጨት ይደፈናሉ። ዛሬ ማድሪድ በሚገኘው የማያዎች ጥንታዊ የሥዕል ጽሑፍ ውስጥ ስለ ንብና ስለ ማር የሚያወሱ በርካታ ገጾች አሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን አገሩን ሲይዙም ከሕዝቡ ላይ ከጣሏቸው ግብሮች መካከል ሰምና ማር ይገኙበታል።

የማያው አናቢ የንቧን የቤት አያያዝ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እጮቹ የሚያድጉት በግንዱ መካከል፣ ማሩ የሚቀመጠው በጫፍና በጫፍ መሆኑን ስለሚያውቅ አንዱን መክደኛ ከፍቶ ማሩን ይወስዳል፤ የመካከሉን አይነካም። ጎጆው ሳይፈርስ፣ እናቲቱም ሳትሞት፣ ያው ቀፎ ለዓመታት ማር ይሰጣል።

ውስጥ ያለው ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል በዝርዝር የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ይልቁንም በብራዚል ነው።

▪️ ማን ምን ይሠራል?

መናደፊያ በሌላቸው ንቦች ጎጆ ውስጥ ሥራ በዋናነት የሚከፋፈለው በዕድሜ ነው። አዲስ የወጣች ሠራተኛ መጀመሪያ የምትሠራው ከተወለደችበት ስፍራ ሳትርቅ ነው፤ እጮቹ ባሉበት አካባቢ ትቆያለች፣ ሰም ታበጃለች። ትንሽ ቆይታ የእንቁላል ክፍሎችን ትሠራለች፣ ምግብ ትሞላለች። ከዚያ ቆሻሻ እየጠቀለለች ወደ ውጭ ታወጣለች፤ ከውጭ የመጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ተቀብላ ወደ ማር ትለውጣለች። ቀጥሎ በር ላይ ትቆማለች። የሕይወቷን የመጨረሻ ክፍል የምታሳልፈው ውጭ፣ አበባ በመቅሰም ነው። አደገኛው ሥራ ዕድሜዋን ለጨረሰችው ይተዋል።

ይህ ቅደም ተከተል ግን የወታደር ቤት ማዕረግ አይደለም። አበባ ሲበዛ አንዳንዷ ቀድማ ትወጣለች፤ ጎጆው ሲጎዳ ሌላዋ ወደ ጥገና ትመለሳለች። ተራ የሚያስጠብቅ አለቃ የለም። እያንዳንዷ በአጠገቧ ያለውን ታያለች፣ ታሸታለች፣ የጎደለውን ትይዛለች።

ወሬም የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። ጀርመናዊው ማርቲን ሊንዳወርና ብራዚላዊው ዋርዊክ ኬር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ እንዳሳዩት፣ በአንዳንድ ዝርያዎች ምግብ ያገኘች ንብ ወደ ጎጆዋ ስትመለስ በየቅጠሉና በየድንጋዩ ላይ የሽታ ምልክት ትጥላለች፤ ሌሎቹ ምልክቱን ተከትለው ይሄዳሉ። ትእዛዝ ሳይሆን ዱካ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው እንቁላል የሚጣልበት ሥርዓት ነው። በ1960ዎቹ ጃፓናዊው ሾይቺ ሳካጋሚና ብራዚላዊው ሮናልዶ ዙኪ ይህን በብዙ ዝርያዎች ላይ ተከታትለው መዘገቡ። ሠራተኞቹ የሰም ክፍል ይሠራሉ። ንግሥቲቱ መጥታ በአጠገቡ ትቆማለች። ሠራተኞች በየተራ ፈሳሽ ምግብ ከአፋቸው እያወጡ ክፍሉን ይሞሉታል። በብዙ ዝርያዎች አንዲት ሠራተኛ የራሷን እንቁላል ትጥላለች፤ ንግሥቲቱም ትበላዋለች። ከዚያ ንግሥቲቱ የራሷን ትጥላለች፤ ሌላዋ ሠራተኛ አፉን ትደፍነዋለች። እጩ ከዚያ በኋላ ሞግዚት አያይም። ምግቡ አንድ ጊዜ ተሰፍሮለታል፤ እስኪያድግ ብቻውን ነው።

ጎጆ የሚወጣበት መንገድም ልዩ ነው። ተራው ንብ ሲሰደድ አሮጊቷ ንግሥት መንጋዋን ይዛ ትወጣለች፤ ቤቱን ለልጅ ትተዋለች። በጣዝማ ዘመዶች ዘንድ ግን እናቲቱ ሆዷ ከብዶ መብረር ስለማትችል ከቤቷ አትወጣም። ሠራተኞች ቀድመው አዲስ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ከእናት ጎጆ ሰምና ምግብ እያመላለሱ ቤቱን ያደራጃሉ፤ ሲሰናዳ ወጣቷ ንግሥት ትሄዳለች። ልጅ ድሮ ጎጆ እንደሚያወጣ ወላጅ ማለት ነው። ሁለቱ ቤቶች ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ከተመላለሱ በኋላ ነው የሚለያዩት። ይህን ሁሉ ንግሥቲቱ አታዝም፤ አብዛኛውንም አታየውም።

▪️ ንግሥት የበዛበት ቤት

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የመግባባት ታሪክ ይመስላል። ግን አይደለም።

ዋርዊክ ኬር እ.ኤ.አ. በ1922 በሳን ፓውሎ ግዛት የተወለደ የዘር ተመራማሪ ነበር። ዓለም በይበልጥ የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው፦ በ1956 ለማዳቀል ብሎ ያስመጣቸው የአፍሪካ ንቦች በ1957 ከቀፎ አምልጠው በአሜሪካ አህጉር ተሰራጩ። ከዚያ በፊት ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ «ሜሊፖና» በሚባሉት መናደፊያ የሌላቸው ንቦች ላይ አንድ እንግዳ ነገር አስተውሎ ነበር። የማያዎቹ እመቤት ንብም ከዚሁ ወገን ናት።

በተራው ንብና በአብዛኞቹ የጣዝማ ዘመዶች ንግሥት የምትሆነው እጭ የምትወሰነው በምግብ ነው። ሠራተኞች ለጥቂት እጮች ሰፊ ክፍልና የተለየ ወይም የበዛ ምግብ ያዘጋጃሉ፤ የቀሩት ሠራተኛ ይሆናሉ። በሜሊፖና ግን ክፍሎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ምግቡም እኩል ነው። ሆኖም ከእነዚህ እኩል ክፍሎች ንግሥቶችም ሠራተኞችም ይወጣሉ፤ አንዳንዴ ከአራት ሴቶች አንዷ ንግሥት ሆና እስክትወጣ ድረስ። ኬር በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ በዘር ውርስ እንደሚወሰን አቀረበ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ምግብና ኬሚካላዊ ምልክትም ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል፤ የብዛቱ ነገር ግን ጸንቷል።

አንድ ጎጆ የሚያስፈልገው አንድ ንግሥት ነው፤ አዲስ ጎጆ ሲወጣ አንድ ትጨመራለች። ታዲያ ያ ሁሉ ንግሥት ለምን? ቤልጅጋዊው ቶም ዌንስሊርስና እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ራትኒክስ በ2004 የሰጡት መልስ ከእጩ በኩል ሆኖ የሚያይ ነው። በተደፈነ ክፍል ውስጥ እኩል ስንቅ ይዛ ብቻዋን ላለች እጭ ዕጣዋን የሚወስንላት የለም። ንግሥት መሆን ጥቂት ዕድል ያለው ግን ትልቅ ሽልማት ነው። ሁሉም ለየራሱ ይህን ሲሞክር ጎጆው የሚሠራ እጅ ያጣል። ንግሥት ሆና የተወለደች አትሠራም፤ የሚያስፈልጋትን የሰም መሥሪያም ሆነ የአበባ ብናኝ መሸከሚያ አካል በአግባቡ አልያዘችም።

ስለዚህ ጎጆው ሌላ ሥራ ይጨምራል፦ መግደል። ትርፍ ንግሥቶች ከክፍላቸው ከወጡ ብዙም ሳይቆዩ ሠራተኞች ነክሰው ይቆራርጧቸዋል። አንዳንዶቹ ያመልጣሉ። በብራዚል በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው፣ ያመለጡት እናት የሞተችበትን የሌላ ወገን ጎጆ ፈልገው ጥበቃው ሲላላ አመሻሽ ላይ ሰርገው ይገባሉ፤ ተሳክቶላቸው የሚነግሡም አሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ቤቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው ገና ከጅምሩ ምግብ እየሰፈረ ማን ምን እንደሚሆን ይወስናል፤ ሽኩቻው ጥቂት ነው፣ ምርጫ ግን የለም። ሁለተኛው ለሁሉም እኩል ይሰጣል፤ ሁሉም ዙፋን ሊመኝ ይችላል፣ ሂሳቡ ግን በኋላ በደም ይወራረዳል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሁለቱም ያለ ዋጋ አይሠሩም። በሁለቱም ደግሞ የሚወስኑት ሠራተኞቹ እንጂ አውራዋ አይደለችም።

ይህን የጻፈው ሰው ራሱ ሥልጣን ምን እንደሚያደርግ ሩቅ ሆኖ አልተመለከተም። በ1964 የብራዚል ጦር መንግሥቱን ከያዘ በኋላ ኬር ሁለት ጊዜ ታስሯል። ሁለተኛው እስር በ1969 ሲሆን ምክንያቱም በአንዲት መነኩሴ ላይ የተፈጸመውን ሰቆቃ በአደባባይ መቃወሙ ነበር።

▪️ ወታደሩና ሥራ ፈቱ

ሌላም የተለመደ አስተሳሰብ አለ፦ ወታደር የሚዋጋ፣ ገበሬ የሚያርስ፣ እያንዳንዱ ለአንድ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚል። በንቦች ዘንድ በአካል የተለየ ወታደር እንደሌለ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በ2012 ክሪስቶፍ ግሩተርና ባልደረቦቹ «ጃታይ» በምትባለው የብራዚል ንብ ላይ ይህ ስህተት መሆኑን አሳዩ። የጃታይ በር ጠባቂዎች አበባ ከሚቀስሙት እህቶቻቸው በክብደት 30 በመቶ ይበልጣሉ። ቁጥራቸው ከጎጆው ሠራተኛ 1 በመቶ ገደማ ነው። ከፊሎቹ በበሩ ቱቦ ላይ ይቆማሉ፤ ከፊሎቹ በአየር ላይ ተንሳፍፈው ይጠብቃሉ።

ጠላታቸው ዘራፊ ንብ ነው። ይህ ወገን አበባ አይቀስምም፤ የሌላውን ጎጆ ሰብሮ የሚበላውንም የሚሠራበትንም ይዘርፋል፤ ሲመጣ የሎሚ ሽታ ይሸታል። መናደፊያ የሌላት ጠባቂ የዘራፊውን ክንፍ በመንጋጋዋ ነክሳ ትይዛለች፤ አትለቅም። ብዙውን ጊዜ አብራው ትሞታለች። በ2017 የወጣ ሰፋ ያለ ጥናት ከ28 ዝርያዎች በ10ሩ ጠባቂዎች ከቀሳሚዎች እንደሚገዝፉ አገኘ። እንዲህ ያሉ ወታደሮች ብቅ ያሉት ባለፉት 25 ሚሊዮን ዓመታት፣ ከዘራፊዎቹ መምጣት ጋር ተያይዞ ነው። ሠራዊት የተፈጠረው ዘራፊ ስላለ ነው ማለት ነው።

በ2016 የታተመው ግኝት ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። እነዚህ ትላልቅ ጃታዮች ወጣት ሳሉ ተራ ጠብቀው አይቀመጡም። በጎጆው ውስጥ ከትናንሾቹ እህቶቻቸው ከሲሶ በላይ የበለጠ ሥራ ይሠራሉ። በር ላይ የሚቆሙት ያን ከጨረሱ በኋላ ነው። በጃታይ ቤት ጠመንጃ መያዝ ከሥራ ነፃ አያደርግም።

ስለ ሥራ ፈቱስ? «እንደ ንብ ታታሪ» የሚለውን አባባል የሚያዳክመው ያው ሊንዳወር በ1952 ያሳተመው ክትትል ነው። የተከታተለው የተለመደችውን ማር ንብ ነው። አንዲትን ንብ ከ170 ሰዓት በላይ ሲከታተላት 70 ሰዓት ገደማ አርፋ፣ 56 ሰዓት ገደማ ደግሞ በቀፎው ውስጥ ያለ ግልጽ ሥራ ስትዘዋወር አሳለፈች። ያ መዘዋወር ግን ከንቱ አልነበረም፤ የጎደለውን የምታውቀው እየዞረች ነው። አዛዥ በሌለበት ቤት ማየትም ሥራ ነው፤ ያረፈችውም ድንገት ሥራ ሲበዛ የምትነሳ ተጠባባቂ ናት።

▪️ ከአፈር በታች

የኢትዮጵያዋ ጣዝማ በዚህ ሁሉ ምርምር ውስጥ ትንሽ ቦታ ነው ያላት። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ብትሆንም የጣዝማ ማር የሚታወቀው በአብዛኛው በመድኃኒትነቱ፣ ለሳልና ለጉሮሮ ነው። የሚገኝበትም መንገድ ከማያዎቹ ይለያል። በመሬት ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ያገኘ ሰው ተከትሎ ይቆፍራል፤ ማሩን ያወጣል፤ ጎጆው ይፈርሳል። በር ጠባቂዋ፣ ሰም አበጂዋ፣ ሆዷ ከብዶ መብረር የማትችለው እናትም አብረው ይጠፋሉ። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ጣዝማን ከመሬት አውጥቶ በቀፎ ለማርባት ሙከራ ሲያደርጉ ቆይተዋል። ሙከራው ከሰመረ ለመድኃኒት ሲባል ቤት ማፍረስ ይቀራል።

ወደ ተነሳንበት ቃል እንመለስ። «አውራ እንደሌለው ንብ» የሚለው አባባል ከፊል እውነት አለው፦ እናት የሞተችበትና ሌላ ያልተካ ጎጆ ያልቃል። የሚያልቀው ግን የሚያዘው ስለጠፋ አይደለም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሠራተኞቹ ያው ሰም ያበጃሉ፣ ያው በር ይጠብቃሉ፣ ያው አበባ ይቀስማሉ። ጎጆው የሚያልቀው የሚተካ ሠራተኛ ስለማይወለድ ነው።

የንብ ጎጆ ለሰው ሕገ መንግሥት አይሆንም፤ ትርፍ ወራሽን የሚቆራርጥ ቤት ለማንም አርአያ ሊባል አይችልም። ነገር ግን ከአሪስቶትል እስከ ናፖሊዮን፣ ከገድል እስከ ምርጫ ምልክት፣ ንብን ለአዛዥ ምስክር አድርጎ የጠራ ሁሉ የተሳሳተ ምስክር ነው የጠራው። ንቧ የምትመሰክረው ሌላ ነገር ነው፦ ቤቱን ያቆሙት የሚያዩ፣ የጎደለውን የሚይዙና ያለ ሥራ ዙፋን የሚመኘውን የማይታገሡ ብዙ እጆች ናቸው።